ምን ይማሩ የሚለውን ማን ይወስን?

ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻችን በአንዱ የሚሰጥ ኮርስ አውትላይን አንሥቶ የመጀመሪያውን ገጽ ያየ ሰው፣ የኮርሱን ክብደት የሚናገሩ ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ተጽፈው ያገኛል። አንዱ ክሬዲት አወር ነው፤ ብዙ ጊዜ 3። ሌላው ኢሲቲኤስ ነው፤ ብዙ ጊዜ 5። ከሥሩ 5ቱ በ27 ተባዝቶ ተማሪው በኮርሱ ላይ ሊደክምበት የሚገባው 135 ሰዓት ይሰላል፤ ይህን ያህሉ ለገለጻ፣ ይህን ያህሉ ለግል ጥናት ተብሎም ይደለደላል። 3ቱ ከአሜሪካ የመጣ ነው፤ መምህሩ ክፍል ውስጥ የሚቆምበትን ሰዓት ይቆጥራል። 5ቱ ከግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በኋላ ከአውሮፓ የመጣ ነው፤ የሚቆጥረውም የተማሪውን ድካም ነው። ሁለቱ በአንድ ገጽ ላይ መኖራቸው ብቻውን ታሪክ ነው፤ አዲሱ ሲገባ አሮጌውን አላስወጣውም። ከቁጥሮቹ ዝቅ ብሎ ደግሞ ተማሪው ኮርሱን ሲጨርስ ሊያደርጋቸው የሚችላቸው ነገሮች ተዘርዝረዋል። የዚያ ዝርዝር ባለቤት ማን እንደሆነ፣ መምህሩም በዝግጅቱ ውስጥ የነበረውን ቦታ ለማወቅ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በታኅሣሥ 1943 ዓ.ም. ከ100 በታች በሆኑ ተማሪዎች ትምህርት ሲጀምር የሚመሩት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ። ኢየሱሳውያኑ አገር ውስጥ ገብተው የሚያስተምሩት ሃይማኖታቸውን ላይሰብኩና የካህን ልብስ ላይለብሱ ተስማምተው ነው። ስለዚህ የዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርታችን የመጀመሪያው መምህር ገና ክፍል ሳይገባ አንድ ነገር ተከልክሎ ነበር። በሐምሌ 1946 የወጣው ቻርተር ኮሌጁን ራሱን የቻለ ተቋም አድርጎ ቦርድና የመምህራን ጉባኤ አቋቋመለት፤ የትምህርቱም ጉዳይ ለጉባኤው ተሰጠ። በወረቀት ደረጃ ይህ ሰፊ ነፃነት ነው። ይሁንና ጉባኤው በአብዛኛው የውጭ አገር ሰዎች የተሰበሰቡበት ነበር፤ የሚያስተምሩትንም ከየመጡበት ይዘው ነበር የመጡት። ምሩቁ ምን መሥራት ይችላል ብሎ አጥብቆ የሚጠይቅም አልነበረም። መንግሥት የሚፈልገው ሰው ብዙ፣ ምሩቁ ጥቂት ስለነበር ዲግሪ የያዘ ሁሉ ወንበር ይጠብቀው ነበር።

ጥያቄው በግልጽ የተነሣው ከዋና ከተማው ውጭ ነው። በ1945 በጣና ዳርቻ በደንቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ። ለዚያ ሁሉ ሕዝብ የሚደርስ ሐኪም አልነበረም፤ በቶሎ ሊኖርም አይችልም ነበር። የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ በ1947 የተከፈተው በዚህ ምክንያት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና በአገራችን ፖይንት ፎር እየተባለ ይጠራ የነበረው የአሜሪካ ዕርዳታ አገዙት። የኮሌጁ መሥራቾች ሥራቸውን የጀመሩት አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ምን ምን ይሠራል ብለው ነው። ያንን ሥራ ለሦስት ሰው አከፋፈሉት፦ ለጤና መኮንን፣ ለማኅበረሰብ ነርስ፣ ለሳኒተሪያን። ሦስቱም የየድርሻቸውን ትምህርት ተሰጣቸው፤ ከዚያም እንደ ቆላ ድባ ባሉ የማሠልጠኛ ጤና ጣቢያዎች አብረው ወርደው አብረው ሠሩ። ጤና መኮንኑ በሽተኛ ያያል፣ ጣቢያውን ያስተዳድራል፤ ነርሷ እናትና ሕፃናትን ትከታተላለች፤ ሳኒተሪያኑ ምንጭ ያጎለብታል፣ መጸዳጃ ያስቆፍራል። ዛሬ ብቃት ተኮር ሥርዓተ ትምህርት የምንለው ነገር፣ ስሙ አገራችን ከመድረሱ በፊት፣ ጎንደር ላይ ነበር።

ይህን ስል ጎንደርን ለማሞገስ ብቻ አይደለም። ከሥራው ተለክቶ የተቀረጸ ትምህርት ሠልጣኙንም በዚያው ልክ ያጥረዋል። ጤና መኮንኑ ከሐኪም በታች፣ ከነርስ በላይ ሆኖ ቀረ፤ ወደ ላይ የሚያሳድገው መሰላል በቅጡ አልተሠራለትም፤ ብዙዎችም ሐኪም ለመሆን ወጡ። በ1970 ገደማ በጎንደር፣ ከላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር፣ የሕክምና ኮሌጅ ሲቋቋም የጤና መኮንን ሥልጠናው ቦታውን ለቀቀ። ሙያው የተመለሰው ከ20 ዓመት ገደማ ቆይታ በኋላ፣ በጅማ በኩል ነው። ለዘመኑ ፍላጎት ብቻ ተብሎ የተሣለ የትምህርት ካርታ ፍላጎቱ ሲለወጥ ምን እንደሚያጋጥመው በዚህ ይታያል።

ሐረርጌ ላይ የዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ በኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እየተመራ ማስተማርን፣ ምርምርንና ለገበሬው የሚሰጥ ምክርን አንድ ላይ ያዘ። በታኅሣሥ 1954 ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ሰጥተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመረቅ እነዚህ የተበታተኑ ኮሌጆች በአንድ ጥላ ሥር ገቡ። የአሜሪካው ክሬዲት አወርና የፍሬሽማን ዓመት ሥር የሰደዱት በዚህ ጊዜ ነው። በ1957 የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ፣ በአብዛኛው በመምህርነት፣ እንዲያገለግል አስገደደ። ግዴታውን ተማሪው አጉረምርሞበታል፤ ሐሳቡ ግን ከዩኒቨርሲቲው ከራሱ የመነጨ እንጂ ከሚኒስቴር በደብዳቤ የወረደ አልነበረም። በጎንደርም በስድስት ኪሎም ምን ይማሩ የሚለውን የሚጽፈው እጅ የሚያስተምረው እጅ ነበር።

ታዲያ ግቢው ነፃ ነበር ማለት አይደለም። በታኅሣሥ 1962 የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ተገደለ፤ በማግሥቱ ወታደሮች ግቢ ገብተው ተማሪዎችን ገደሉ። ኮርሱን እንደ ፈቀደ የሚነድፍ መምህር የተማሪውን አስከሬን ያነሣበት ዘመን ነው። የአካዳሚክ ነፃነትን በሥርዓተ ትምህርት ሥልጣን ብቻ የሚለካ ሰው የንጉሡን ዘመን ወርቃማ ሊለው ይችላል፤ እኔ አልለውም።

ደርግ በታኅሣሥ 1967 ተማሪውንና መምህሩን በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ላከ፤ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። በ1969 የከፍተኛ ትምህርት ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ማርክሲዝም ሌኒኒዝም በየዲግሪው የግድ የሚወሰድ ኮርስ ሆነ። ምን ይማሩ የሚለው ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ ከግቢ ውጭ፣ ለሁሉም በአንድ ጊዜ፣ ተመለሰ። በዚያው ዘመን ግን በ1970ዎቹ አጋማሽ የተቋቋመው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ማኅበረሰብ አቀፍ ትምህርት የሚለውን መንገድ መረጠ። ተማሪው ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮ በየተመደበበት ቀበሌ ቤት ለቤት እየዞረ ይመዘግባል፤ የውኃውን፣ የመጸዳጃውን፣ የበሽታውን ሁኔታ ይለያል፤ ከነዋሪው ጋር መፍትሔ ይነድፋል፤ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ ያየዋል። በመጨረሻ ከልዩ ልዩ የትምህርት ክፍል የመጡ ተማሪዎች በአንድ ጤና ጣቢያ ሰፍረው ለሳምንታት አብረው ይሠራሉ። ታኅሣሥ 1992 ኢንስቲትዩቱና የግብርና ኮሌጁ ተዋሕደው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሲሆኑ ይህ መንገድ የሌሎቹም ፋኩልቲዎች መታወቂያ ሆነ። የሚመዘን ብቃት ነበረው፤ የሚፈተሽበት መንደር ነበረው፤ ሁለቱንም የመረጡት መምህራኑ ነበሩ።

1985 ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ክፉ ዓመት ነው። የኤርትራን ሕዝበ ውሳኔ የተቃወመ የተማሪዎች ሰልፍ በጥይት ተበተነ፤ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፤ በዚያው ዓመት ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስን ጨምሮ ከ40 በላይ መምህራን ከሥራ ተሰናበቱ። ይህን ከሥርዓተ ትምህርት ታሪክ ውስጥ ማስገባቴ ለአንዳንድ አንባቢ ዕንግዳ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ቀጥሎ በመጡት ዐሥራ ምናምን ዓመታት አንድ ማሻሻያ ተከትሎ ሌላው ሲወርድ፣ በየሴኔቱና በየትምህርት ክፍሉ ተነሥቶ "ይህ አይሆንም" ሊል የሚችለው አንጋፋ ትውልድ ተበትኗል፤ የቀረውም ያየውን አይቷል። ስንብቱ ማሻሻያዎቹን ወለደ ማለቴ አይደለም፤ ማሻሻያዎቹ የገቡበትን ጸጥታ ግን ያብራራል።

በሚያዝያ 1986 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለሥራ የሚያበቃ ትምህርትን ዓላማ አደረገ። አዋጅ ቁጥር 351/1995 የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲን አቋቋመ። በዚያው ሰሞን የፍሬሽማን ዓመት ወደ መሰናዶ ወረደ፤ የአብዛኛው ዲግሪ ዕድሜ ከአራት ዓመት ወደ ሦስት አጠረ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በጣት የሚቆጠሩት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ሃያ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ከ40 በላይ ሆኑ። ከተማሪው 70 በመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲገባም ተወሰነ። አዋጅ ቁጥር 650/2001 ደግሞ በአንድ በኩል የአካዳሚክ ነፃነትን ማክበር የተቋማቱ ግዴታ ነው አለ፤ በሌላ በኩል ሥርዓተ ትምህርት ምሩቁን ብቁ ባለሙያ የሚያደርጉትን የዕውቀት፣ የክህሎትና የሥነ ምግባር ውጤቶች መነሻ አድርጎ ይነደፍ አለ። ሁለቱ አይጋጩም። በ1990 ዩኔስኮ ስለ ከፍተኛ ትምህርት መምህራን ያወጣው ምክረ ሐሳብ መምህሩ ሥርዓተ ትምህርቱን በመወሰን ረገድ ጉልህ ድርሻ ይኑረው ይላል እንጂ ማንም አይጠይቀው አይልም። አስቸጋሪው ነገር በአዋጁና በትምህርት ክፍሉ መካከል ባለው መንገድ ላይ ነው የደረሰው።

ከዚያ በፊት ግን የሕግ ትምህርት ቤቶችን ጉዳይ ማንሣት ይገባል። በ1998 የተዘጋጀው የሕግ ትምህርት ማሻሻያ ከሕግ ባለሙያዎች፣ ከፍርድ ቤቱና ከፍትሕ አካላት ጋር እየተመከረ የተሠራ ነበር። ምሩቁ ምን መሥራት እንዳለበት ተጽፎ፣ የጋራ ሥርዓተ ትምህርት ተቀርጾ፣ በመጨረሻ የመውጫ ፈተና ተተከለበት። አጉረምራሚ አልጠፋም፤ በየትምህርት ቤቱ ይሰጡ የነበሩ ኮርሶች ታጥፈዋልና። ሆኖም ለሥራው ዓመታት ተሰጥተውት ነበር፤ መምህራኑም የሙያው ሰዎች ስለነበሩ በሚለካው ነገር ላይ መከራከር ይችሉ ነበር።

ሞዱላር የተባለው ሥርዓት በ2004 እና በ2005 ሲመጣ ይህ ጊዜ አልነበረውም። ትእዛዙ ለሁሉም የትምህርት ክፍል አንድ ነበር፦ የምሩቁን መገለጫ ጻፉ፤ ከመገለጫው ብቃቶችን አውጡ፤ ብቃቶቹን በሞጁል ቡድኑ፤ ሞጁሉን በኮርስ ከፍሉ፤ ክሬዲት አወሩን ወደ ኢሲቲኤስ መልሱ። ሥርዓተ ትምህርቱ በአገር ደረጃ አንድ ዓይነት፣ በመምህራኑ ቋንቋ ሃርሞናይዝድ፣ ይሁን ተባለ። ለሥራው ከየዩኒቨርሲቲው መምህራን ተጠርተው በዐውደ ጥናት ተሰብስበዋል፤ ስለዚህ መምህሩ አልተጠየቀም ማለት ሐሰት ነው። የተጠየቀው ግን ሠንጠረዡን እንዲሞላ እንጂ ሠንጠረዡ ያስፈልግ እንደሆነ እንዲናገር አልነበረም። ምህንድስናና ፍልስፍና፣ ነርሲንግና የግእዝ ፊሎሎጂ በአንድ ቅጽ ተሞሉ።

ከቅጹ ጋር ብሎክ መጣ። ተማሪው አራትና አምስት ኮርስ ጎን ለጎን መውሰዱ ቀርቶ አንዱን ለጥቂት ሳምንታት በቀን በቀን ተምሮ፣ ተፈትኖ፣ ወደሚቀጥለው ይሻገራል። ቤተ ሙከራና ወርክሾፕ ላለው ትምህርት ይህ አያስከፋም፤ እጅ የሚፈታው በተከታታይ በመሥራት ነው። ግን አንድ የብራና ጽሑፍ ማንበብ የሚማር ተማሪን እናስብ። ፊደሉ የማን ዘመን እንደሆነ በቅርጹ ማወቅ፣ የጸሐፊውን ስሕተት ከቃሉ መለየት፣ በኅዳጉ የተጻፈው የመሬት ስጦታ ማስታወሻ እውነተኛ መሆኑን መመርመር በአራት ሳምንት የሚሰበሰብ ሰብል አይደለም፤ ዓይን ሲለምድ፣ ተረስቶ ሲታወስ፣ በዓመቱ የሚመጣ ነው። ቅጹ ላይ ግን "ተማሪው የብራና ጽሑፍ ያነባል፣ ይተነትናል" ተብሎ ተጽፎ ሣጥኑ ምልክት ተደረገበት። እንዲህ ያለ ብቃት በወረቀት ላይ ተሟልቷል፤ በተማሪው ላይ መሟላቱን የሚያውቀው መምህሩ ብቻ ነው፤ እርሱንም ማንም አልጠየቀውም።

ከዚህ ላይ ተከታታይ ምዘናውንና የአንድ ለአምስት ቡድኑን ይጨምሩበት። በአንድ ክፍል ብዙ ተማሪ የያዘ መምህር በየሳምንቱ ፈትኖ፣ አርሞ፣ መዝግቦ ሪፖርት ያቀርባል። አንድ ለአምስት በወቅቱ በቀበሌም በመሥሪያ ቤትም የነበረ የመንግሥት አደረጃጀት ስለነበር በመማሪያ ክፍል ውስጥ ሲገባ ጎበዙ ሰነፉን የሚያስጠናበት ስልት ብቻ ተደርጎ አልታየም። እኔ እንደሚመስለኝ የብቃት ካርታን በመምህራኑ ዘንድ ያስጠላው ከሁሉ በላይ ይህ ጉርብትና ነው፤ ካርታው ራሱ ያጠፋው ጥፋት ከዚያ ያነሰ ነው። ከጊዜ በኋላ ብሎኩ በብዙ ቦታ በዝምታ ቀርቶ ትምህርቱ ወደ ሴሚስተሩ ተመለሰ። ኢሲቲኤሱ ግን ከክሬዲት አወሩ ጎን ተቀምጦ ቀረ።

በ2010 ይፋ የሆነው የትምህርት ፍኖተ ካርታ የሦስት ዓመቱን ዲግሪ ተቸው። አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ተከተለ፤ በ2012 ዲግሪው ወደ አራት ዓመት ተመለሰ፤ የፍሬሽማን ዓመቱም ሎጂክና ሂሳዊ አስተሳሰብ፣ ጂኦግራፊ፣ ሥነ ልቦናና የመሳሰሉትን የጋራ ኮርሶች ይዞ ተመለሰ። ከእነዚህ ውስጥ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ የተባለው ኮርስ ገና ረቂቁ ሲወጣ በምሁራንና በፖለቲካ ሰዎች መካከል ከባድ ክርክር አስነሣ። ለአገር በሙሉ አንድ ሞጁል መጻፍ ማለት በየዩኒቨርሲቲው ያለ የታሪክ መምህር ምንጭን ከምንጭ እያጋጨ ሊያስተምረው የሚችለውን ነገር በአንድ መጽሐፍ ማስታረቅ ማለት ነውና፣ ክርክሩ መነሣቱ አያስደንቅም። በሒሳብ ሞጁል ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልተሰማም። ወጥነት በየትምህርቱ ዓይነት የሚያስከፍለው ዋጋ እኩል አይደለም።

በሐምሌ 2015 የመውጫ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በመላው አገሪቱ በሁሉም ዲግሪ ተሰጠ። ለፈተናው ዝግጅት በየዘርፉ ዋና ዋና ብቃቶች ተለይተው፣ ብቃቶቹን የሚሸከሙ ኮርሶች ተመርጠው፣ ከየኮርሱ የሚወጣው የጥያቄ ድርሻ ብሉፕሪንት በሚባል ሠንጠረዥ ተወስኖ ነበር። የማለፊያው ነጥብ 50 በመቶ ነው። ከተፈተኑት 150,184 ተማሪዎች ያለፉት 61,054 ናቸው፤ 40.65 በመቶ። በመንግሥት ተቋማት ከ77,981ዱ 48,632ቱ አልፈዋል፤ በግል ተቋማት ከ72,203ቱ 12,422ቱ ብቻ። ይህ የመጨረሻው 17.2 በመቶ መሆኑ ነው።

ስለ መምህሩ ነፃነት የሚጽፍ ሰው ይህን ቁጥር ዘሎ ማለፍ የለበትም። የግል ኮሌጆቹም የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቹም ብቃቱን በሠንጠረዥ አስፍረው ነበር፤ የግሎቹ ፈቃድ ያገኙትም በዚያ ነው። ሠንጠረዡ ተሞልቶ ከአምስት ተማሪ አንዱ እንኳ የማያልፍበት ተቋም መኖሩ ቁጥጥሩን የሠንጠረዥ ቁጥጥር ያደረገው አካል የሚጠየቅበት ነገር ነው። እኩል ደግሞ የመምህሩም ነው፦ ነፃነቱ ተማሪውን ባዶ እጁን የመሸኘት ነፃነት አይደለም። ፈተናው ያመጣው ሌላ ነገርም አለ። በብሉፕሪንቱ የገባ ኮርስ ከበረ፤ ያልገባው ተዋረደ። ባለምርጫ ጥያቄ ሊለካው የማይችለው ነገር፣ ሙግት መጻፍ፣ መስክ ወርዶ ማጥናት፣ ከምንጭ ጋር መታገል፣ ተማሪው "ፈተና ላይ ይመጣል ወይ?" ብሎ የሚያልፈው ሆነ።

በዚያው በ2015 አዋጅ ቁጥር 1294/2015 ዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝ የሚሆኑበትን መንገድ ከፈተ፤ ቀዳሚው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ስለዚህ ተቋማቱን ነፃ የሚያወጣው ሕግና ምሩቃኑን በአንድ ሚዛን የሚለካው ፈተና በአንድ ዓመት መጡ። ራስ ገዝ የሆነ ዩኒቨርሲቲ ቦርዱን፣ ገንዘቡን፣ ሠራተኛውን በራሱ ያስተዳድራል፤ የዲግሪ ተማሪው ግን የሚመረቀው በአገር አቀፉ ፈተና አልፎ ነው። ይህን ተቃርኖ አድርጎ ማየት ቀላል ነው፤ እኔ ግን የሚፈታው ነገር ከዚያ ያነሰ ይመስለኛል። ፈተናው ይኑር፤ ብሉፕሪንቱን የሚያወጣው ማን ነው? በየስንት ዓመቱ ይታያል? ሲታይስ የትምህርት ክፍሉ "ይህ ብቃት በዚህ መንገድ አይለካም" ብሎ ቢጽፍ ደብዳቤው የት ይደርሳል? የየዩኒቨርሲቲው ሴኔት አባላት ይህን ጥያቄ በቀጣዩ ስብሰባቸው አጀንዳ ያስይዙት፤ ቃለ ጉባኤውንም ያስቀምጡት።